ጋሽ ደምሴ ያላሸነፉኝ ጨዋታ

መሞታቸውን የሰማሁት ካምባ ከተማ ውስጥ ነው። የአንድ ፑል ጠረጴዛ ጨርቅ እየቀየርኩ ነበር። አሮጌውን ገፍፌ፣ ከሥሩ የወጣውን የድንጋይ ገበታ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ የቤቱ ሬዲዮ ዜና ያሰማል። ሙሉ ስማቸው ከነአባታቸው ሲጠራ ወዲያው አልመጣልኝም፤ እኛ በዚያ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። ዜና አንባቢዋ የመጻሕፍታቸውን ርዕስ መዘርዘር ስትጀምር ግን እጄ ባለበት ቆመ። ልቦለዶቹ፣ ተውኔቶቹ፣ ሽልማቱ፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓት። በመጨረሻም «የሕይወታቸውን የመጨረሻ ዓመታት በጸጥታ አሳልፈዋል» አለች።

ይህ ትክክል አይደለም። ከመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁለቱን እኔ አውቃቸዋለሁ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ሳንኮ ፑል ቤት ውስጥ ነው ያለፉት፤ ጸጥታም አልነበረባቸውም። ጋሽ ደምሴ ኳስ ሲስቱ የሚያሰሙት ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታው ድረስ ይሰማ ነበር።

ሙሉ ስማቸውን እዚህም አልጽፈውም። እሳቸው ራሳቸው የሳንኮ ቤት ደጃፍ ላይ ትተውት ነበር የሚገቡት።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የተዋወቅነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የፑል ጠረጴዛ ጥገናም ያሳየኝ ሰው የለም፤ አንድ የተጣለ ጠረጴዛ ፈትቼ፣ የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ ደብተር ላይ ስዬ፣ መልሼ ስገጥም ነው የለመድኩት። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ፑል ቤት ይከፈት ስለነበር ሥራ አላጣሁም።

የሳንኮ ጠረጴዛ ያዘነብል ነበር። ቤቱ ትልቅ የሽፈራው ዛፍ ሥር ነው የተሠራው፤ የዛፉ ሥር ሲሚንቶውን አንስቶት በጓሮ በኩል ያለው የጠረጴዛ እግር ከፍ ብሏል። ቀስ ተብላ የተመታች ኳስ መጨረሻዋ ላይ ወደ መንገዱ በኩል ትታጠፋለች። ሳንኮ ከገረሴ ወርዶ ብዙ ዓመት ሽመና የሠራ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነው። ላስተካክልልህ ብለው እሺ አላለኝም።

«ደንበኛ ለምዶታል» አለኝ። «ከተስተካከለ ሁሉም መሳት ይጀምራል። ከዚያ የሚሰድቡት እኔን ነው።»

እውነቱን ነበር። የዚያ ቤት ተጫዋች ሁሉ ማዘንበሉን አስቦ ነበር የሚመታው። ሌላ ቤት ሲሄዱ ይሸነፋሉ፤ እዚያ ግን የሚችላቸው አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ በዚያ ሙቀት ግራጫ ኮት የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። መነጽራቸው በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ስቲክ አላነሡም። ነጯን ኳስ በእጃቸው ሦስት ጊዜ አንከባለሉና ሦስቱንም ጊዜ ስትታጠፍ አዩ።

«ይህ ጠረጴዛ ይዋሻል» አሉ።

«ጋሼ፣ ውሸቱን ሁላችንም እናውቀዋለን እኮ» አለ ሳንኮ እየሳቀ።

«እኔ አላውቀውም። እንግዳ ነኝ። እንግዳ ላይ የሚዋሽ ቤት ደግሞ ነውር ነው።»

ሳንኮ ይህን ከሽማግሌ አፍ ሰምቶ እምቢ ማለት አልቻለም። እኔን አስጠራኝ። ውሃ ልኬን ይዤ መጣሁ፤ ከዘይት ቆርቆሮ ስስ ስስ አድርጌ እየቆረጥኩ ከእግሮቹ ሥር ስከት፣ አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ እስክትል አራት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አራቱንም ሰዓት አዩኝ። አንዴም አላዋሩኝም። ስጨርስ ተነሥተው ነጯን ኳስ አንከባለሉ። ሄደች፣ የጠርዙን ላስቲክ መታች፣ በሄደችበት መስመር ተመለሰች። ኮፍያቸውን አወለቁ። ለጠረጴዛው ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ የቤቱ ደንበኞች ሁሉ እየሳቱ እኔን ሰደቡኝ።

ደራሲ መሆናቸውን ሰው ያወራ ነበር። ሚስታቸው ሲሞቱ፣ በላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ውስጥ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጃቸው ከአዲስ አበባ አምጥታቸው ነው። ልጅቱ የአባቷን ጠረጴዛ መስኮት ሥር፣ ጫሞ ሐይቅ በሚታይበት በኩል አድርጋላቸው ነበር፤ ይጽፋሉ ብላ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ባጃጅ ይዘው ወደ ሲቀላ ይወርዳሉ። በሰባ ዓመታቸው ነው ስቲክ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡት፤ ዘግይቶ ፍቅር እንደያዘው ሰውም ሁሉንም ነገር ለእርሱ ሲሉ ተዉ።

መጥፎ ተጫዋች ነበሩ። ይህን የምለው ስለማውቅ ነው። የግራ ክንዳቸው ቀጥ አይልም ነበር፤ ከመምታታቸው በፊት ትንፋሻቸውን ስለሚይዙ ጉልበታቸው መጨረሻ ላይ ይበዛል። ከመምታታቸው በፊት ኮታቸውን አውልቀው ላዩን ወደ ውስጥ አጥፈው አግዳሚው ላይ ያኖሩታል፤ የስቲኩን ጫፍ ጠመኔ ይቀቡና በመነጽራቸው ያዩታል፤ ከዚያ ይስታሉ፤ ከዚያ ይጮሃሉ። ከዚያ እየሳቁ ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ይለቃሉ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ጋዜጠኛ መጣ። ካሜራ ያንጠለጠለ ጎበዝ ልጅ ነው። ልጃቸው ነበረች የላከችው።

«ጋሽ ደምሴ፣ አንባቢዎ አዲስ መጽሐፍ እየጠበቀ ነው። በምን ላይ ነዎት?»

«ሁለተኛው ባለመስመር ኳስ ላይ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው ኳስ እያነጣጠሩ። ሳቱ። ቀና ብለውም «አየህ፣ መጽሐፍ ላይ ስትሳሳት ሰው እያፈረ ሃያ ዓመት ይደብቅልሃል። ኳስ ግን እዚያው ይነግርሃል። እኔ ይህን ወዳጅ ያገኘሁት አሁን ነው» አሉት። ልጁ ጻፈው። ፎቶ ላንሳ ሲል ግን «ሲገባልኝ ታነሣኛለህ፣ ቁጭ በል» ብለው እስከ ምሳ ሰዓት አስቀመጡት። ሳያነሣ ሄደ።

ደንብ ነበራቸው። አንድ ምት አንድ ነው ይሉ ነበር። አንዴ ሊመቱ ሲሉ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ነፍቶ አስደንግጧቸው ኳሷ ከጠረጴዛ ወጣች። ሁላችንም «ይደገም፣ ይደገም» አልን። አልተቀበሉም። ስቲካቸውን አስረክበው ተቀመጡ። «ባጃጁ እኮ አልመታም፤ የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አንድ ችግር ግን መጣ፤ የመጣውም ከእኛ አስተዳደግ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌን ፊት ለፊት መርታት ይከብዳል። በሽምግልና ቦታ ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይን ዝቅ ይደረጋል፤ ፑል ቤትም ውስጥ ያው ዓይን ዝቅ ማለቱ ገባ። ሰው ሁሉ ለጋሽ ደምሴ መሸነፍ ጀመረ። የቤቱ ደንብ ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ስቲክ ያስረክባል ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሳይቀመጡ ሲያሸንፉ ይውሉ ነበር። እግራቸው እስኪያብጥ።

ሆን ተብሎ እንደሚሸነፉላቸው ያወቁት በታደሰ ነው። ታደሰ የላንቴ ሙዝ ነጋዴ ነው፤ ግዙፍ፣ በከተማው ከሚጫወቱት አንደኛ። ቀዳዳ አፍ ላይ የቆመች፣ ሕፃን በትንፋሹ የሚያስገባትን ኳስ ሳታት።

«ታደሰ» አሉ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው፣ «ሙዝ ስትመዝንም እንዲህ ነህ?»

«ጋሼ፣ እጄን አንሸራተተኝ።»

«እጅህን አይደለም። ትሕትናህ ነው ያንሸራተተህ። እንካ፣ ስቲኩን ያዝ። እኔ አልፈልግም።»

«ኧረ ጋሼ! አባት እኮ ነዎት!»

«አባትማ ቤቴ ነኝ። ልጄ እህል አቅርባ፣ ጎረቤት ተነሥቶ፣ ቢሮ የገባሁ እንደሆነ ወንበር ተስቦልኝ እኖራለሁ። አርባ ዓመት ሰው የጻፍኩትን ሁሉ ግሩም ነው ሲለኝ ኖረ። እዚህ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል? አንድ ቤት ውስጥ እንኳን የሆንኩትን ያህል ብቻ እንድሆን ነው እኮ።»

ከዚያ ዙሪያውን አዩና ጥግ ቆሜ ጠመኔ የምፍቀውን እኔን በስቲካቸው አመለከቱ። «ከዚህ ቤት የማምነው ያንን ዝምተኛ ብቻ ነው። ውሃ ልክ የሚይዝ ሰው እጁ አይንሸራተትም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር አንድ ጨዋታ ሆነ። አንድ ብቻ። እኔ በደብተሬ ጨዋታውን በመስመር እመዘግብ ነበር፤ በግራ የእኔ፣ በቀኝ የእሳቸው። በግራ በኩል መስመሩ ሲደረደር በቀኝ በኩል ያለው ባዶውን ቀረ። አንድም ቀን አልራራሁላቸውም። መራራት የሚባል ነገር በሐሳቤም አልነበረም፤ ኳስ ካለችበት ወደ ቀዳዳው ያለውን መስመር ብቻ ነበር የማየው። እሳቸውም በየሳምንቱ እየተሻሻሉ መጡ። ክንዳቸው ቀጥ አለ። ትንፋሻቸውን መያዝ ተዉ።

«አንተን ሳላሸንፍ አልሞትም» ይሉኝ ነበር ስቲኩን እያስረከቡ።

«እንግዲያው ብዙ ይኖራሉ ጋሼ» እላቸዋለሁ። ቤቱ ይስቃል። ከሁሉም በላይ የሚስቁት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጨዋታ ሳንጀምር መብራት ጠፋ። የሳንኮ ቤት መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ቀንም ያለ መብራት ኳስ አይታይም። ወጥተን ሽፈራው ሥር ተቀመጥን።

«ምን ታነባለህ?» አሉኝ ድንገት።

«ብዙ የለኝም ጋሼ። አንዱን ነው ደጋግሜ የማነበው።»

«ርዕሱ?»

«አላውቀውም። ሽፋን የለውም፤ ከገጽ አሥራ ሦስት ነው የሚጀምር። ካምባ ገበያ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴትዮ እየቀደደች ስትጠቀልልበት አግኝቼ ነው የቀረውን የወሰድኩት።»

«ገጽ አሥራ ሦስት ላይ ምን አለ?»

«አንድ ሰው ወንዝ ዳር የሚዛን ሳህን ሲያጥብ» አልኳቸው። ቀጠልኩም። ሰውየው የአንዲት ገበያ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። ለሹም አያደላም፣ ለሀብታም አያደላም፤ ሁሉም ይፈሩታል። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ወዳጁ አዝኖ፣ ጎድሎበት የመጣውን እህል ሙሉ ነው ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወዳጁ ሰላም አይለውም። «መጨረሻው አልጣመኝም» አልኩ። «የሠራለት ደግ ነው። ወዳጁ ለምን ይቀየመዋል?»

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል የሚያነቡ ያህል፣ ከወንዙ በፊት ያለውን ይነግሩኝ ጀመር። ሰውየው የት እንደተወለደ። ሚዛኑን ማን እንዳወረሰው። አባቱ በምን ምክንያት አንድ ጣቱን እንዳጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣቱ የሌለው አባት ከየት እንደመጣ ሳልረዳ ነበር የማነበው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አቆሙ።

የማነበውን የጻፉት እሳቸው እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«አሥራ ሁለቱ ገጽ በኦቾሎኒ ሄደ በለኛ» አሉ። «ከመጽሐፉ ሁሉ ሰው የጠቀማቸው እነሱ ናቸው።» መብራት መጣ። «ተነሥ፣ መክፈቻው ያንተ ነው።»

የዚያን ቀንም አሸነፍኳቸው፤ እጄ ገና አልሰማም ነበር። የሰማው በሳምንቱ ነው። ሰባ አንድ መስመር በእኔ በኩል ነበር። ያን ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ በሕይወታቸው እንደዚያ ተጫውተው አያውቁም። ሁለት ባለመስመርና ጥቁሯ ብቻ ቀሯቸው። እኔን ጥቁሯ ብቻ ቀርታኛለች፤ ካስገባኋት ጨዋታው አለቀ፤ በመንገዱ በኩል ካለው የማዕዘን ቀዳዳ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት ርቃ፣ ነጯ ከመሐል ትንሽ ወደ ጓሮ። ተራው የእኔ ነው። ጎንበስ ስል ነጯን ኳስ ሳይሆን የሚዛን ሳህን የሚያጥበውን ሰው አየሁ። የዚያ መጽሐፍ ባለቤት ማዶ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ስቲካቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ቢያሸንፉ ምን አለበት አልኩ።

ሳትኳት። እንደ ታደሰ አልሳትኩም፤ በሙያዬ ነው የሳትኩት። በፀጉር ያህል ብቻ ወደ ግራ። ጥቁሯ የቀዳዳውን ከንፈር ነክታ ተመለሰች። በዚያ ቤት ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ጋሽ ደምሴ ሁለቱን ባለመስመሮች አከታትለው አስገቡ። ጥቁሯን ደግሞ ከሩቅ፣ በረጅሙ። ቤቱ ተነሣ። ሳንኮ ያፏጫል፣ ታደሰ አግዳሚውን ይደበድባል። እሳቸው አልሳቁም። ጠረጴዛውን ዞረው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማም ዝግ ብለው ተናገሩኝ።

«አንተም?»

ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው መለስኩ።

«ትገባ እንደነበር በምን አወቅህ?»

«ትገባ ነበር ጋሼ። መቶ ጊዜ አስገብቻታለሁ።»

«መቶ ጊዜ ያስገባኸው እኔ ስላላስፈራሁህ ነው። ዛሬ ሁለት ኳስ ነበር የቀረኝ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ይሆን ነበር፤ እውነት ትስት ይሆን ነበር። አሁን ያንን አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።» ኮታቸውን አነሡ። «መስመሩን አትጻፈው» አሉ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «የመጽሐፉ መጨረሻ አሁን ገባህ?» አሉኝ።

መስመሩን አልጻፍኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን የኳሶቹን አቀማመጥ፣ ከመምታቴ በፊት እንደነበረው፣ በስንዝርና በጣት ለክቼ ደብተሬ ላይ ሣልኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልማዴ ነው።

በሳምንቱ መጡ። አልተቀየሙኝም፤ ቀልዳቸውም ጩኸታቸውም ያው ነው። አራት ቅዳሜ ተጫወትን፤ አራቱንም አሸነፍኩ፣ ያለ የሌለ ኃይሌን አውጥቼ። «ሳላሸንፍህ አልሞትም» የሚለውን ግን ከዚያ ወዲያ አላሉም። ይህ ብቻ ነው የተለወጠው። ከዚያ ዓይናቸው ደከመ፤ ልጃቸው ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰደቻቸው፤ እዚያው ቀሩ።

አንዴ ስልክ ደውለውልኛል።

«ጠረጴዛው ቀጥ እንዳለ ነው?»

«ነው ጋሼ።»

«በውሃ ልክ ነው ወይስ በአፍህ?»

ሌላ ጊዜ ደግሞ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ መጽሐፉን ላኩልኝ፤ ሽፋን ያለውን፣ ከገጽ አንድ የሚጀምረውን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊርማ የለም። «አንድ ጨዋታ ይቀረናል» ይላል፤ በትልልቁ፣ ዓይኑ እንደደከመ ሰው ጽሕፈት።

ዜናውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን የካምባውን ሥራ ጨርሼ በጠዋቱ አውቶቡስ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ሳንኮ ቤት ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው በነጭ ጋቢ ተሸፍኗል፤ ሳንኮ ሸማኔ በነበረበት ጊዜ ለራሱ የሠራው ጋቢ ነው።

«ሬዲዮ ከተናገረ ጀምሮ ጨዋታ የለም» አለኝ። «ለቅሶ ነው።»

«አንድ ምት ብቻ» አልኩት። ለምን እንደሆነም ነገርኩት፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ሳንኮ ጋቢውን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አጠፈው።

መጀመሪያ ውሃ ልኩን አስቀመጥኩ። የዛፉ ሥር እንደገና ገፍቷል፤ አረፋዋ ከመሐል ወጥታለች። አንድ ቆርቆሮ ጨመርኩ፣ ደግሞ አንድ ስስ። ቀጥ ስትል ደብተሩን ዘረጋሁ። ጥቁሯን ከማዕዘኑ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። ነጯን ከመሐል ወደ ጓሮ። የእሳቸውን ሁለት ባለመስመሮች በየቦታቸው። ጠመኔ ቀባሁ። ጎንበስ ስል ማዶ ማንም የለም፤ ሳንኮ ብቻ፣ ጋቢውን እንደ ሕፃን ታቅፎ።

እጄ ተንቀጠቀጠ።

ጥቁሯ የቀዳዳውን ከንፈር መታችና ተመለሰች። በዚህኛው ጊዜ በቀኝ በኩል። ሳላስበው፣ ሳልፈልገው፣ በሙሉ ዐቅሜ መትቼ ሳትኳት።

«ድገመው!» አለ ሳንኮ። «ደንግጠህ ነው። ማንም አላየም፣ ድገመው!»

«አይደገምም።»

ሁለቱን ባለመስመሮችና ጥቁሯን እሳቸው ያን ቅዳሜ አስገብተዋቸዋል። እነዚያን ማንም አልሰጣቸውም። ደብተሩን አገላብጬ በቀኝ በኩል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ አንድ መስመር አሰመርኩ።

ሳንኮ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። «ስንት ለስንት ሆነ?»

«ሰባ አምስት ለአንድ።»

ጋቢውን መልሶ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ አራቱንም ጫፎች በእጁ እየዳበሰ አስተካከላቸው።

«እንግዲያው አሸንፈውህ ነው የሞቱት» አለ።